ሥነ ልቦናና ሶሲዮሎጂ ዩኒቨርሲቲ እስኪደረስ ለምን ይጠበቃሉ?

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርትን መልሰው ሲጀምሩ፣ አዲስ ገቢ ተማሪዎች ከሚወስዷቸው ኮርሶች መካከል አጠቃላይ ሥነ ልቦናና የሶሲዮሎጂ የቅርብ ዘመድ የሆነው፣ የሕዝቦችን ባህልና አኗኗር የሚያጠናው ሶሻል አንትሮፖሎጂ ተካተዋል። ሐኪም መሆን የሚፈልገውም፣ ድልድይ ልሥራ የሚለውም፣ የሒሳብ ሠራተኛ ለመሆን ያሰበውም እኩል ይማራቸዋል። ይህ ማለት አገሪቱ አንድ ነገር ወስናለች ማለት ነው፤ የተማረ ሰው፣ ሙያው ምንም ይሁን ምን፣ ስለ ሰው አእምሮና ስለ ማኅበረሰብ አሠራር ጥቂት ማወቅ አለበት። በውሳኔው እስማማለሁ። ግራ የሚያጋባኝ ሰዓቱ ነው።

ምክንያቱም ወደዚያ ክፍል የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። በማካካሻ ትምህርት የሚገቡት ቢጨመሩበት እንኳ፣ አብዛኛው ወጣት ሥነ ልቦናንም ሆነ ሶሲዮሎጂን ራሱን እንደቻለ ትምህርት ሳይማር ከትምህርት ዓለም ይወጣል። ነገ ልጅ የሚያሳድገው፣ ሱቅ የሚከፍተው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ የዕድር ዳኛ የሚሆነው ግን እሱ ነው። ትምህርቱ የሚጠቅመው ለሁሉም ከሆነ፣ ከወንፊቱ በኋላ ሳይሆን ከወንፊቱ በፊት መሰጠት ነበረበት።

ለመሆኑ ሁለቱ ምን ያስተምራሉ? ሥነ ልቦና የሰውን አስተሳሰብ፣ ስሜትና ባሕርይ በሙከራና በልኬት ያጠናል። ጀርመናዊው ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 ላይፕዚግ ከተማ ውስጥ ላቦራቶሪ ካቋቋመ ወዲህ ራሱን የቻለ ሳይንስ ሆኖ ቆይቷል። ሶሲዮሎጂ ደግሞ ሰዎች አብረው ሲኖሩ የሚፈጥሯቸውን ነገሮች ይመረምራል፤ ቤተሰብን፣ ሃይማኖትን፣ ሥራን፣ የሀብት ልዩነትን፣ ያልተጻፈ ሕግን። አንዱ ወደ ውስጥ ያያል፣ ሌላው ወደ ዙሪያ። አንዱን ያለ ሌላው መማር አደጋ አለው ብዬ አምናለሁ። ሥነ ልቦናን ብቻ ያወቀ ሰው ችግርን ሁሉ በግለሰቡ ላይ ይጭናል፤ ሶሲዮሎጂን ብቻ ያወቀ ደግሞ ለሁሉም ጥፋት ሥርዓቱን ከስሶ ይቀመጣል።

ይህንን ለማሳየት ከፈተናው ውጤት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ቻርልስ ራይት ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1959 የጻፈው አንድ ሐሳብ አለ። 100,000 ሰው በሚኖርበት ከተማ ሥራ ያጣው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ መልሱን ከሰውየው ዘንድ እንፈልጋለን፤ ከጠባዩ፣ ከችሎታው፣ ከአጋጣሚው። 50 ሚሊዮን ሠራተኛ ባለበት አገር 15 ሚሊዮኑ ሥራ ካጣ ግን፣ የእያንዳንዱን ሰው ጠባይ መመርመር የትም አያደርስም፤ መታየት ያለበት የአገሩ የኢኮኖሚ አወቃቀር ነው። አሁን ይህንን ወደ እኛ እናምጣው። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ ተፈታኝ 97 ያህሉ ግማሽ አላመጣም። ከ1,300 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች በአንዱ የተማረ ልጅ ውጤቱን በስልኩ አይቶ ምን አለ? «ጭንቅላቴ አይቀበልም» አለ። አባቱ «ሰነፍ ነህ» አሉት፤ ጎረቤት የእገሌን ልጅ ጠቅሶ አነጻጸረው። ሁሉም መልሱን የፈለጉት ከልጁ ውስጥ ነው። አብሮት የወደቀው ትምህርት ቤቱ በሙሉ መሆኑ ለማንም ትዝ አላለውም።

አንድ ዓመት ሶሲዮሎጂ የተማረ ልጅ ሌላ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። በትምህርት ቤቴ ስንት የፊዚክስ መምህር ነበር? መጽሐፉ ለስንት ተማሪ አንድ ደረሰ? እስከ ስንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ተምሬ በስንተኛው ወደ እንግሊዝኛ ተሻገርኩ? እነዚህ ሰበብ አይደሉም፣ ሊቆጠሩና ሊነጻጸሩ የሚችሉ ጉዳዮች ናቸው። ይሁን እንጂ ነገሩ እዚህ ካበቃ ልጁን አልጠቀምነውም። በዚያው ትምህርት ቤት፣ በዚያው ወንበር ከተቀመጡት ሁለት ልጆች አንዱ 280 ሌላው 170 ያመጣበት ምክንያትም አለና። እዚህ ላይ ሥነ ልቦና ይገባል፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ አጠናኑን ይጠይቃል።

አራት ኪሎ በሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ፈተና ሲቃረብ ብቅ ያለ ሰው፣ ወጣቶቹ የሚያጠኑበትን መንገድ ያውቀዋል። ደብተሩን ከፍቶ ማንበብ፣ በቀለም ማስመር፣ እንደገና ማንበብ፣ እንደገና። ትጋታቸው የሚያስቀና ነው። ዘዴው ግን ደካማ ነው፤ ይህም ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠና የቆየ ጉዳይ ነው። ሄርማን ኤቢንግሐውስ የተባለው ጀርመናዊ ራሱን መሞከሪያ አድርጎ ትርጉም የሌላቸውን የፊደል ጥምሮች እየሸመደደ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ምን ያህሉ እንደሚጠፋው ለካ። እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው ውጤት እንዳሳየው፣ መርሳት የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ጥናትን በተለያዩ ቀናት ከፋፍሎ መድገም ደግሞ በአንድ ሌሊት ከማጨቅ እንደሚሻልም አስተዋለ።

ከሱ ወዲህ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ለተማሪ ይበልጥ የሚጠቅመው፣ በእኔ ግምት፣ ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ነው። ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ ሰጧቸው። አንዱ ቡድን በአራት የጥናት ክፍለ ጊዜዎች ሁሉ ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ። ሌላው በአንዱ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ፣ በሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን በወረቀት ላይ አሰፈረ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 83 በመቶ ለ71። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ። ደግሞ የሚገርመው፣ በደንብ እንደምናስታውስ ተማምነናል ያሉት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። መድገም የማወቅ ስሜት ይሰጣል፤ ስሜቱ ከዕውቀቱ ቀድሞ ይመጣል። ይህንን አንድ ነገር በ9ኛ ክፍል የተማረ ልጅ ደብተሩን ዘግቶ ባዶ ወረቀት ማውጣት ይለምዳል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲማረው ግን ዋናውን ፈተና አልፎታል፤ ለወደቀው ልጅ ደግሞ ጨርሶ አልደረሰለትም።

የጓደኛ ግፊት የሚባለውም ነገር አለ። ወላጅ ስለዚህ ሲናገር ምክሩ አንድ ነው፤ ከእገሌ ጋር አትግጠም። ሰለሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባደረገው ሙከራ፣ አንድን ተማሪ ከሌሎች ጋር አስቀምጦ የመስመሮችን ርዝመት እንዲያነጻጽር ጠየቀው። ጥያቄው ሕፃን የሚመልሰው ነው። ሌሎቹ ግን አስቀድመው ከተመራማሪው ጋር ተስማምተው ነበርና፣ በአንድ ድምፅ የተሳሳተ መልስ ሰጡ። ከተፈተኑት ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው የቡድኑን መልስ ደገሙ። ይህ ክፍል በየቦታው ይጠቀሳል። የማይጠቀሰው ቀጣዩ ነው፤ ከቡድኑ መካከል አንድ ሰው ብቻ እውነተኛውን መልስ ሲናገር፣ ተፈታኙ ለቡድኑ የሚሸነፍበት ጊዜ በእጅጉ ወረደ። አንድ ሰው ይበቃል። ለ15 ዓመት ልጅ ይህ ከ«ከእገሌ ጋር አትግጠም» የበለጠ ጥቅም አለው፤ ማንን መሸሽ እንዳለበት ብቻ ሳይሆን ማንን ከጎኑ ማቆም እንዳለበት፣ እሱስ ለማን ያ አንድ ሰው ሊሆን እንደሚችል ይነግረዋልና።

በየቴሌግራሙ «የወጣ ፈተና» እየሸጡ ተማሪን የሚዘርፉትም በአንድ የታወቀ የአእምሮ ድክመት ላይ ነው የሚሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰው ተደጋግሞ የሰማውን ነገር፣ እውነት ይሁን ሐሰት፣ ይበልጥ እያመነው ይሄዳል። አሥር ቻናል ላይ የተለጠፈ ወሬ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ መሆኑን ለማጣራት የሚሞክር ጥቂት ነው።

ወደ ሶሲዮሎጂ ልመለስ፤ መሐል አዲስ አበባ ለዚህ ትምህርት የተመቸ ቦታ ነውና። ምሽት 12 ሰዓት ላይ አራት ኪሎ ወይም ሜክሲኮ የሚዘረጋውን የታክሲ ሰልፍ እንውሰድ። ሰልፉን ማን ያዘዋል? ተራ አስከባሪው። ከየት ሥልጣን አገኘ? የሚሰለፈው ሰውስ አሰላለፉን ከማን ተማረ? አንድ ሰው ከመሐል ሲገባ የሚጮኸው ማን ነው፣ አንገቱን ደፍቶ ዝም የሚለውስ? ይህ የቀልድ ጥያቄ እንዳይመስል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስታንሊ ሚልግራም ከተማሪዎቹ ጋር ኒውዮርክ ውስጥ ሰልፍ እየጣሱ በመግባት ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1986 አሳትሟል። አንድ ሰው ሰልፍ ሲጥስ ከሰልፎቹ በግማሽ ያህሉ ብቻ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሁለት ሰዎች አብረው ሲገቡ ወደ 90 በመቶ ደረሰ። የሚቃወሙትም በአብዛኛው ወዲያው ከኋላ ያሉት ናቸው፤ ራቅ ብሎ የቆመው የተጎዳው እኩል ቢሆንም ዝም ይላል። እዚህ ቢሠራ ውጤቱ ያው ይሆን? ታላቅ ሰው ሲገባስ? ነፍሰ ጡር ስትገባ? የታጠቀ ሲገባ? የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ሰልፍ ሳይጥሱ፣ ደብተር ይዘው በማየት ብቻ በሁለት ሳምንት የራሳቸውን ጥናት መሥራት ይችላሉ። ወጪው የደብተሩ ዋጋ ነው።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ የሰፈር መፍረስ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ ቀጥሎም በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። ስለ መንገዱ ስፋትና ስለ መብራቱ ብዙ ተብሏል። ሶሲዮሎጂ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ከቤቱ ጋር ምን አብሮ ተነሣ? ዕድር አለ፤ ወርኃዊ መዋጮው፣ ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ ሰው ሲሞት የሚነፋው ጡሩምባ። ዕድርተኛው ጡሩምባው በማይሰማበት ርቀት ሲበተን፣ በስልክ ጥሪ ይተካ ይሆናል፤ ሌሊቱን ድንኳን የሚተክለውን ሰው ግን ስልክ አይተካውም።

ከዕድር ይልቅ የማይታየው ደግሞ የላላው ትውውቅ ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጽሑፍ፣ በሰው አማካይነት ሥራ ያገኙ ሰዎችን «ያ ሰው በምን ያህል ጊዜ ያገኝህ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። የቅርብ ወዳጅ ይሆናል ተብሎ የተጠበቀው፣ አልፎ አልፎ የሚገናኙት ሰው ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ሲታሰብ ቀላል ነው። የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀውን እኛም እናውቀዋለን፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከሩቅ ነው። ሰፈር ሲፈርስ ዘመድ በስልክ ይገኛል። በዱቤ ስኳር የሚሰጠው ባለሱቅ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ «እዚያ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ወጥቷል» የምትለው የታችኛው ግቢ ሴትዮ ግን አይገኙም። የእነዚህ ስልክ ቁጥር በማንም እጅ የለም። ትምህርት ቤት ቀይሮ አዲስ ክፍል የገባ የካዛንቺስ ልጅ የናፈቀውን ነገር ስም ማወቁ፣ ሐዘኑን ባያነሳለትም፣ ምን መልሶ መገንባት እንዳለበት ያሳየዋል።

ስለ አእምሮ ጤና ብዙ አልልም፤ ለትምህርቱ አስፈላጊነት መጀመሪያ የሚጠቀሰው እሱ ስለሆነ። ሁለት ነገር ይበቃል። የአእምሮ ሕመሞች ሲሶ ያህሉ ከ14 ዓመት በፊት፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከ18 ዓመት በፊት እንደሚጀምሩ የታወቀ ነው፤ ማለትም ገና ዩኒቨርሲቲ ሳይደረስ። ሁለተኛው፣ በከተማችን «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም እስከ ዛሬ ስድብ ሆኖ በትምህርት ቤት ግቢ ይወራወራል። ጠበል የሚወስድ ቤተሰብ ከሐኪምም ምክር ቢጠይቅ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል የሚያስረዳ፣ እንቅልፍ ያጣችን ልጅ «ቅብጠት ነው» ከማለት በፊት የሚጠይቅ ተማሪ ማፍራት ትልቅ ነገር ነው። በግማሽ ዕውቀት ጓደኛን «ይህ በሽታ አለብህ» ማለት ግን ክልክል መሆኑ ከመጀመሪያው ቀን ሊነገር ይገባል። ይህ ትምህርት ሐኪም አያደርግም።

«እኛ ሰውን በአስተዳደግና በተረት እናውቀዋለን፣ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ?» የሚሉ አባቶችን እሰማለሁ። ተረትና ምሳሌውን የሚንቅ ትምህርት እኔም አልፈልግም። ግን «ዝም አይነቅዝም» ያለው ሕዝብ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል»ም ብሏል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የጎደለው መቼ የትኛው እንደሚሠራ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ደስ ይላል። በቡድን የቤት ሥራ ላይ ግን ሃምሳውን ሎሚ አንድ ጎበዝ ተማሪ ተሸክሞ አራቱ ስማቸውን ብቻ ሲጽፉ አይተናል። ሰዎች በቡድን ሲሆኑ የእያንዳንዱ ጥረት እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ1979 በጭብጨባና በጩኸት ሙከራ ታይቷል፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ተለይቶ እንዲታወቅ ሲደረግም መለገሙ ይቀንሳል። ለመምህሩም ለተማሪውም ነገ ጠዋት የሚጠቅም ዕውቀት ነው።

ከአባቶቹ ጥያቄ የበለጠ የሚከብደኝ ሌላ ጥያቄ አለ። ከላይ የጠቀስኳቸው ሙከራዎች በሙሉ የተደረጉት በአሜሪካና በአውሮፓ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ ግምገማ እንዳሳየው፣ በዋና ዋና የሥነ ልቦና መጽሔቶች ላይ ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶዎቹ የዓለምን ሕዝብ 12 በመቶ ብቻ ከያዙ አገሮች የመጡ ነበሩ። በዚያ ላይ የታወቁ ጥናቶችም ይወድቃሉ። ሁለተኛ ከረሜላ ለማግኘት ሲል ፊቱ ያለውን ሳይበላ መታገሥ የቻለ ሕፃን ሲያድግ ይሳካለታል የሚለው ታዋቂ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በብዙ ልጆች ላይ ሲደገምና የቤተሰብ ሁኔታ ሲታሰብበት፣ ዝምድናው በጣም ሳስቶ ተገኝቷል። በእኔ እይታ ግን ይህ ትምህርቱን ለማምጣት የሚገፋ እንጂ የሚከለክል ምክንያት አይደለም። ሌላ አገር የተገኘን ውጤት ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ወስዶ «እዚህስ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ካልተፈጠረ፣ ስለ እኛ የሚጻፈውን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይጽፈዋል።

ሌሎች አገሮች ይህንን እያደረጉት ነው። በሕንድ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሁለቱንም መምረጥ ይችላሉ፤ በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት ወጣቶች በብዛት ከሚመርጧቸው ትምህርቶች አንዱ ሥነ ልቦና ነው። እኛ ግን በቀጥታ መገልበጥ የለብንም ባይ ነኝ። በ11ኛ ክፍል ተማሪው በተፈጥሮና በማኅበራዊ ሳይንስ ይከፈላል፤ እዚያ ቢገቡ የማኅበራዊዎቹ ብቻ ይሆናሉ፤ ነገ በሽተኛን የሚያነጋግረው የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ሳይነካቸው ያልፋል። ስለዚህ ቦታቸው 9ኛና 10ኛ ነው፤ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ አንድ ዓመት ሥነ ልቦና፣ አንድ ዓመት ሶሲዮሎጂ። ሸክሙ በዝቷል ለሚለው፣ ልጁ እንዴት እንደሚጠና ቢማር የሌሎቹ ትምህርቶች ሸክም ይቀልለት እንደሆነ እንጂ አይከብደውም። መምህር የለም ለሚለው ደግሞ፣ በሁለቱም ሙያ ተመርቀው ከሙያቸው ውጭ የሚሠሩ ወይም ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ፤ የማስተማር ዘዴ ሥልጠና ተጨምሮላቸው ክፍል ሊገቡ ይችላሉ።

ብሔራዊ ፈተና ውስጥ ግን ባይገቡ እመርጣለሁ። ገቡ ማለት ቩንት ላቦራቶሪ የከፈተበትን ዓመት ከአራት ምርጫዎች መለየት ዋናው ቁም ነገር ይሆናል፤ ሽምደዳን የሚያጋልጠው ትምህርት ራሱ ይሸመደዳል። ከነጥቡ ግማሹ ተማሪው ራሱ አይቶ፣ ቆጥሮ፣ ጠይቆ ከጻፈው ደብተር ይያዝ፤ ቀሪው ግማሽ ደግሞ ጓደኛው የሠራውን ጥናት አንብቦ ደካማ ጎኑን ነቅሶ ከማውጣቱ።